የላይኛው ጉጥ

ገንዳ ውሃ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ሰሊጥ መጋዘኖቹ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። የምስራቅ ሱቅ ናት። ምስራቅ ሬዲዮ ትጠግናለች፣ ስፒከር ትጠግናለች፣ የትራክተር ቴፕ ትፈታለች፣ የሰሊጥ ጠባቂዎች የእጅ ባትሪ ላይ ሳይቀር ነፍስ ትዘራበታለች። አባቷ ከጎጃም ለአረም ሥራ ወርደው እዚህ ቆላ ሽንፋ ላይ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷም አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ካቻቢቴ ከጨበጠች ወዲህ የማንንም እጅ ጠብቃ አታውቅም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ ብዙ አትናገርም፤ የተቀበለችውን ዕቃ በቀጠሮው ቀን ትመልሳለች።

ከተማው ግን በዚህ አያውቃትም። ከተማው የሚያውቃት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስሟንም ያን ዕለት ለውጦባታል። «ዱብዬ» ይሏታል።

«ዱብዬ! ነይ ግቢ፤ ግን አጥብቀሽ ያዥ!» ይላታል ጌች፣ ባጃጁን ሱቋ በር ላይ ቀስ አድርጎ እያሳለፈ። ጌች ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ቀልድ ከተመቸው ሰባት ዓመት የሚያኝከው ሰው ነው እንጂ። እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ሽቦዋን ታያይዛለች።

ከሰባት ዓመት በፊት ምስራቅ ቤዝ ጊታር ትጫወት ነበር። የከተማዋ ወጣቶች ባንድ አቋቁመው ነበር፤ መሪያቸው ኦርጋን የሚጫወተው ሸዋዓለም ነው። ቤዟን የገዛችው ወደ አገሩ ከሚመለስ ሱዳናዊ ሙዚቀኛ ላይ፣ ሁለት ክረምት ሰሊጥ አርማ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነበር። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲመታ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚገባ ቤዝ።

ቤዝ ጊታር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው በሁለት ትንንሽ የብረት ጉጦች ነው። አንደኛው ከታች ከመቀመጫው ላይ ይተከላል፤ ሌላው ከላይ፣ አንገቱ አጠገብ እንደ ቀንድ ሾጠጥ ብሎ በሚወጣው ጫፍ ላይ። የማንገቻው ሁለት ጫፎች ቀዳዳ አላቸው፤ እነሱ ጉጦቹ ላይ ይሰካሉ። እያንዳንዱን ጉጥ ከእንጨቱ ጋር የሚይዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ከትንሿ ጣት ያነሰ ብሎን መሆኑን ተጫዋቹ ራሱ አያስበውም። የሚያስበው ሲወጣ ነው።

የምስራቅ ብሎን የወጣው በስፖርት ሜዳው፣ በበዓል ቀን፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነበር። የላይኛው ጉጥ ከነብሎኑ ተነቅሎ ማንገቻው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቤዙ አንገቱን ወደታች ደፍቶ መድረኩ ላይ ዱብ አለ። ድምፁን ማይክራፎኑ ተቀብሎ በስፒከሮቹ ለሜዳው ሁሉ አሰማው። የቤዙ አንገት ከሁለት ተሰበረ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ሸዋዓለም ማይክራፎኑን አንሥቶ፣ «ቤዝ የሴት ዕቃ አይደለም ብያችሁ ነበር!» አለ። ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ለማታው ወሬው አድጎ፣ ምስራቅ ጠጥታ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ተገኙ።

በሳምንቱ ቦታዋን ስንሻው በሌላ ቤዝ ያዘ። ስንሻው እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃ የሚያወርድና ገመድ የሚዘረጋ ሰው ነበር፤ ቤዝም የተማረው ከእሷው ጣት ላይ እያየ ነው።

ምስራቅ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የወጣውን ብሎን በመብራት አየችው። ጥርሶቹ መሃል ቢጫ ነገር ተለጥፏል። ስትነካው ጣቷን ያዘው፤ ሙጫ ነው፣ የግራር ሙጫ። እሷ ብሎኗን ሁልጊዜ በደረቁ ነበር የምታጠብቀው። ስለዚህ አንድ ሰው ብሎኑን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ ለዓይን የቆመ እንዲመስል በሙጫ ለጥፎ መልሶታል። ስንሻው ቦታዋን ሲይዝ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰበችም። ወንበሯን የወረሰው ማን ነው? የማን አባት ነው ሙጫ ለቃሚ? ብሎኑን የመርፌ መድኃኒት በነበረበት ብልቃጥ ውስጥ አስገብታ በቦርሳዋ ያዘችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ሰካራም የተባለች ሴት የምታሳየውን ብሎን ማን ያያል?

ቂሟን እንደ ካቻቢቴዋ በየጊዜው እየወለወለች አስቀመጠችው። ስንሻው እንዲታመም አልተመኘችም፤ እንዲደኸይም አልተመኘችም። የምትፈልገው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። በሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ዱብ የሚል። ነገር ግን ባንዱ ዕቃውን ጎንደር እየላከ ያሠራ ስለነበር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የስንሻው ቤዝ እጇ አልገባም።

በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ የሱቋ ቆርቆሮ እጅ በማያስነካበት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስንሻው ቤዙን በጀርባው አዝሎ በሯ ላይ ቆመ።

«እንዴት አደርሽ ምስራቅ?» አላት። ሲቸግረው ስሟን ያውቀዋል።

«ደኅና። ምን ሁነህ መጣህ?»

«ነገ የሰሊጥ ነጋዴው ልጅ ሠርግ አለብን። የታችኛው ጉጥ ከነብሎኑ ወልቆ ጠፋብኝ። ጎንደር እንዳልልከው ቀን የለኝም።»

ቤዙን ተቀብላ ጨርቅ ላይ አስተኛችው።  ታችኛውን ቀዳዳ አየች፤ ሰፍቷል። ላይኛውን ስታይ ዓይኗ እዚያው ቀረ። ጉጡ በቦታው የለም። ከቀንዱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጀርባው ዞሯል፤ የተጫዋቹ ደረት በሚነካው በኩል። ዙሪያውን ደግሞ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ደርቆበታል።

«ይኸን ማነው ያዛወረው?»

«እኔ ነኝ። የድሮው ቀዳዳ ሰፍቶ አልይዝ ሲለኝ ወደ ጀርባው አዞርሁት። እሱን እንዳትነኪው! አንች የታቹን ብቻ ሥሪልኝ፤ የላዩ ኩሉ ተማም ነው፣ ምንም አልጎደለው።»

«በምን ነው ያጠበቅኸው?»

«በሙጫ ነዋ! አባቴ ከግራር በሚለቅመው።» በጥፍሩ አንኳኳው። «ስሚው እስኪ፣ ድንጋይ! ሙጫ እያለ የቆላ ልጅ ኮላ ምን ያደርግለታል? ያንችንም እኮ ያን ቀን ጠዋት እኔ ነኝ ያጠበቅሁልሽ።»

ምስራቅ ቀና አለች።

«የቱን?»

«የላይኛውን ጉጥ ነዋ። ዕቃ ሳወርድ ነካ ባደርገው ይላወሳል። ነቅዬ በሙጫ ለጥፌ መለስሁልሽ። ከዚያ አንች እንዴት አድርገሽ እንደጎተትሽው እንጃ።»

ለዚህ ቀን ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቷን አዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ንግግር ግን ያዘጋጀችው ፊት አልነበራትም። ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ሊጥላት አልዶለተም። ሊረዳት ነበር። ሙጫ ውሃ ሲነካው እንደሚሟሟ የቆላ ሕፃን ሁሉ አፉ ውስጥ እያላመጠ ያውቀዋል፤ ይህ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሙጫ ጋር ኖሮ፣ የሰው ላብም ውሃ መሆኑን አንድ ቀን አላሰበም። የእሷ ላብ ያን ቀን ከትከሻዋ በማንገቻው ወርዶ ብሎኑ ሥር ገብቷል። ነገሩ ይኸው ነው።

«ጠዋት እንደነካኸው ለማን ተናገርህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ሲስቁብኝ። ጠጥታ ነው ሲሉኝ። ለሸዋዓለም፣ ለማንም ተናገርህ?»

ስንሻው ትከሻውን ሰበቀ። ዓይኑ ግን ከዓይኗ ሸሽቶ የተሰቀለ ሽቦ ላይ አረፈ።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ቂሟ ለአፍታ የሚቆምበት አጥቶ ነበር፤ በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ተመልሶ ቆመ። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ጠንክሮ።

«ነገ ጠዋት ና» አለችው።

የታችኛውን ጉጥ የሠራችው በሕይወቷ ሠርታ በማታውቀው ጥንቃቄ ነው። ከአሮጌ ወንበር እግር ላይ ደረቅ እንጨት ቆርጣ ክብ አድርጋ ሞረደችው፤ በኮላ ነክራ ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ በመዶሻ አስገባችውና እንዲደርቅ አሳደረችው። በማግሥቱ ትርፉን ከእንጨቱ ጋር እኩል ቆረጠች። መሃሉን ለክታ ነጥብ አደረገችበት። ከአሮጌ ዕቃዎቿ ሌላ ጉጥና ብሎን መርጣ፣ ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያ ቀጥ አድርጋ በሳችው፤ ቀዳዳው ከብሎኑ ካልጠበበ ብሎኑ እንጨት አይነክስም። የብሎኑን ጥርስ ሳሙና ቀባችው፤ ከጉጡ ሥር ከአሮጌ ጫማ የቆረጠችውን ክብ ቆዳ አነጠፈች። ከዚያ በእጇ ብቻ፣ እምቢ እስኪል አጠበቀችው። የላይኛውን በጣቷም አልነካችው።

ስንሻው ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። «የላዩን አልነካሽውም አይደል?»

«አትንኪው ብለኸኝ የለ!»

«ጎበዝ!» አላትና አዝሎት ሄደ።

ላብ ሙጫ ያሟሟል። ሦስት ቃል ነበር የሚበቃው። ምስራቅ ሦስቱን ቃላት ጥርሷ ሥር ይዛ ጀርባውን አየችው።

ከሰዓት በኋላ እሷም ሠርጉ ቤት ነበረች። የሙሽራዋ ቤተሰቦች ስፒከሮቹን እንድትከታተል ጠርተዋት፣ ድምፁን የሚቆጣጠረው ሚክሰር አጠገብ፣ ከመድረኩ ሥር ወንበር ተሰጥቷታል። ዳሱ በሸራ የተጣለ ነው፤ መድረኩ ከሰሊጥ መጋዘን የመጡ የእንጨት ርብራቦች ላይ ምንጣፍ ተነጥፎበት የቆመ። ከሸራው ሥር ያለው አየር የተቀቀለ ነበር። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ፣ ወንዶቹ በካርቶን ያራግባሉ።

አንደኛው ዘፈን አለፈ፤ ሁለተኛውም። ምስራቅ የምታየው የስንሻውን ደረት ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል እርጥብ፣ ቀጥሎ የመዳፍ ያህል፤ በአራተኛው ዘፈን ሸሚዙ ከነ ቤዙ ደረቱ ላይ ተጣበቀ። ጉጡ ግን ያዘ። ሙጫው እውነትም ድንጋይ ሆኖ ይሆን? የሚል ፍርሃት ገባት፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ከፈራች ብዙ ዘመኗ ነው።

ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ስንሻው ቤዙን እንዳነገተ ወደ እሷ ጎንበስ አለ፤ አጠገቧ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ አንሥቶ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን አናቱ ላይ አፈሰሰው።

«ሙቀቱ ፈጀን እኮ! የታቹ ጥሩ ይዟል፣ እጅሽ ይባረክ» አላት።

ውሃው ከአገጩ ደረቱ ላይ፣ ከደረቱ ከቤዙ ጀርባ ሲገባ አየችው። ምርቃቱ ያላሰበችው ቦታ ነካት። አፏን ከፈተች። ሦስቱ ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ።

ይኸኔ ሸዋዓለም ማይክራፎኑን ያዘ። «እሽ ወገኖች፣ አሁን ደግሞ አጥብቃችሁ ተያያዙ! ዱብዬም እዚህ አለች!»

ዳሱ ሳቀ። ጌች ከኋላ በኩል በሁለት ጣቱ አፏጨ። ስንሻውም ሳቀ፤ እሷን እያየ፣ ውሃው ካገጩ እየተንጠባጠበ።

ምስራቅ አፏን ዘጋች።

ሰባተኛው ዘፈን ጭፈራ ነበር። ሙሽሮቹ መሃል ገብተው፣ ሚዜው ሁሉ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ስንሻውም ደስ ብሎት ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል ጉጡ ወጣ። ሲወጣ ምንም ድምፅ አላሰማም። ስንሻው ቤዙን በሁለት እጁ ሊቀልብ ሞከረና ሳተው።

ዱብ።

ርብራቡ እንደ ከበሮ ተቀበለው። ሸዋዓለም ኦርጋኑን አቆመ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ያው የሰባት ዓመቱ ሳቅ፣ አንድም ነገር ሳይጎድለው። የቤዙ አንገት አልተሰበረም። ይህ ምስራቅን ቅር ሳያሰኛት አልቀረም።

ስንሻው ከመድረኩ ጫፍ ላይ ጣቱን ቀሰረባት። «እሷ ናት! ትናንት በእጇ ነበር! ሆን ብላ ነው የፈታችብኝ!»

አንገቶች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ምስራቅ ቀስ ብላ ተነሣች። እጇ ሚክሰሩ ላይ ነበር፤ የሸዋዓለምን ማይክራፎን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ማይክራፎኑ በሸዋዓለምና በስንሻው መሃል ቆሟል።

«የትኛውን ሥሪልኝ ነበር ያልኸኝ?» አለችው።

«የታቹን...»

«የታቹ ወጣ?»

ስንሻው አጎንብሶ አየ። ማንገቻው በታችኛው ጉጥ እንደተሰካ ነው።

«የላዩን ማን ሠራው?»

«እኔ፤ ግን...»

«በምን?»

«በሙጫ» አለ። ቃሉ በአራቱም ስፒከር ወጥቶ ዳሱን ሞላው። ስንሻው በራሱ ድምፅ ደነገጠ።

ምስራቅ ከቦርሳዋ ብልቃጡን አውጥታ ወደ ላይ ያዘችው። ደርቆ የጠቆረው ሙጫ ብሎኑ ላይ ይታያል። «የእኔንስ፣ ያን በዓል ቀን ጠዋት፣ በምን ነበር ያጠበቅኸው?»

ስንሻው ሸዋዓለምን አየ። ሸዋዓለም ደግሞ የወጣውን ጉጥ ከምንጣፉ አንሥቶ በሁለት ጣቱ እያሻሸ ነበር፤ ጣቶቹ ተጣበቁበት።

«በሙጫ» አለ ስንሻው፤ ከፊተኛው ዝቅ ባለ ድምፅ። ስፒከሮቹ ግን ዝቅ አላሉም። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ነገሩ ገና አሁን ገብቶታል። «አንች... አይተሽው ነበር! እንደሚወጣ ታውቂ ነበር! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ምስራቅ።

ሰባት ዓመት የጠበቀችው ሰዓት ይኸው ነበር፤ አሥር እስኪቆጠር እንኳ አልቆየም። ከሙሽራዋ ወገን የሆኑ አንዲት እናት፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ጉዳችሁን ለነገ አቆዩት! ሙሽሮቹ ቁመው ቀሩ እኮ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ አጨበጨበ። ግማሹ ነገሩን አልሰማም፤ የሰማውም ዘፈኑን ነበር የሚፈልገው።

ሸዋዓለም ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ወደ ምስራቅ ዞረ፤ ፊቷን ግን አላየም። «ምስራቅ... እስኪ ቤዙን ቁጭ ብለሽም ቢሆን ያዥልን። ልጁ ደንግጧል።»

«ቤዝ የሴት ዕቃ አይደለም ብለው የለም እንዴ፣ ጋሼ ሸዋዓለም?» አለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ስንሻው የቀረውን ዘፈን ሁሉ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ቤዙን እንደ ሕፃን ታፋው ላይ አስተኝቶ፣ አቀርቅሮ ተጫወተ። ምስራቅ እስከ መጨረሻው ዘፈን ቁጭ ብላ አየችው። ድምፁንም አልቀነሰችበትም።

ሰኞ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት የጌች ባጃጅ በሩ ላይ ቀስ አለ። ምስራቅ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች።

«ደኅና አደርሽ ምስራቅ?» አላት ጌች፤ ምላሱ ስሙን ያልለመደ ይመስል ነበር። ሞተሩን ቀሰቀሰና መንገዱን ተሻግሮ ለሚመጣ ሰው ጮኸ፦ «ዱብዬ! ና ግባ፤ ግን አጥብቀህ ያዝ!»

የሚመጣው ስንሻው ነበር። ቤዙን በማንገቻው ሳይሆን እንደ እንጨት ታቅፎታል። ደስታው እንዳሰበችው ትልቅ አልነበረም። ግን ጣፈጣት፤ አልካደችውም።

ስንሻው ቤዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጎኑ ጉጡንና ብሎኑን አኖረ። «የላዩንም» አለ።

«ነገ ና።»

ከጀርባ ያለውን የሙጫ ቀዳዳ አጥባ፣ አድርቃ፣ በእንጨትና በኮላ ደፈነችው። ወደ ቀንዱ ጫፍ ተመለሰች፤ ቤዙን በገመድ ከጣሪያው ላይ አንጠልጥላ የሚቆምበትን አየች። ገመዱ ከጀርባ ሲያዝ አንገቱ ወደ መሬት ይደፋል፤ ከቀንዱ ጫፍ ሲያዝ ደግሞ ቀና ብሎ በራሱ ይቆማል። ጉጥ ቦታውን ሲያገኝ ቤዙ ተጫዋቹን አይጎትትም። ይህን ስንሻው ከጣቷ ላይ ያልተማረው ነገር ነው። የሰፋውን የድሮ ቀዳዳ ደፍና መልሳ በሳችው፤ አዲስ ረዥም ብሎን መርጣ ሳሙና ቀባችው፤ ቆዳ አነጠፈችለት፤ እምቢ እስኪል አጠበቀችው። ከዚያ ቤዙን በማንገቻው ይዛ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ንቅንቅ አላለም።

ስንሻው በማግሥቱ ሲያነግተው ቤዙ ደረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተገርሞ ትከሻውን አወዛወዘ።

«ይይዛል?»

«ይይዛል። አንተ እስክትሞት ይይዛል» አለችው። «ማንም ይህን ማን ሠራልህ ብሎ ከጠየቀህ ንገረው። ካልጠየቀህም ንገረው።»

ስንሻው ቤዙን እንዳነገተ ወጣ። ምስራቅ በሙጫ የተበላውን የስንሻውን ብሎን ከጠረጴዛው አነሣች፤ ብልቃጡን ከፍታ ከእሷው ብሎን ጎን ጣለችውና ከደነችው። ከዚያ ብልቃጡን ሰባት ዓመት ወደኖረበት ቦርሳ አልመለሰችውም፤ ዕቃ ሊያሠራ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀድሞ በሚያየው መደርደሪያ ላይ አቆመችው።